ስድስተኛው ብሎን

ስለ ወሰኔ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ደግ ደጉን እንድናገር ይጠብቃል። እናገራለሁ፤ ግን በራሴ መንገድ ነው። አምስት ዓመት ከዚያ ሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ሠርቼ አምስቱንም ዓመት ቀንቼበታለሁ፤ ስለዚህ ከወዳጆቹ ይበልጥ አውቀዋለሁ። ወዳጅ የሚያየው የሚወደውን ብቻ ነው። ቀናተኛ ግን የሰውየውን የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጥራል፤ የወሰኔ ሸሚዝ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ይጎድለው ነበር።

እኔ ብዙነህ እባላለሁ፤ ሙያዬ ቶርኖ ነው። ብረት በማሽን እያሽከረከርኩ እቀርጻለሁ፣ ጥርስ አወጣለታለሁ። የተማርኩት ድሬዳዋ፣ የባቡሩ ጋራዥ ውስጥ ነው። አሰብ ወደብ ጥገና ቤት ተመድቤ ስመጣ ከእኔ ሌላ ቶርኖ የሚያውቅ ስላልነበረ ሁለት ዓመት ሙሉ ንጉሥ ሆኜ ኖርኩ። የጀልባ ሞተር ቢሰበር ብዙነህ ይጠራ፣ የጨው ማምረቻው ፓምፕ ቢቆም ብዙነህ ይጠራ። ከበይሉል ዓሣ አጥማጆች የተሰበረ ብረት በግመል ጭነው እኔን ብለው ይመጡ ነበር። ከዚያ በ1943 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወሰኔ ከምጽዋ በመርከብ መጣና ከእኔ ማሽን አጠገብ ያለውን ሁለተኛውን ማሽን ያዘ።

ደብረ ታቦር የተወለደ፣ ጎንደር አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ከጠራጊነት ተነስቶ ሙያ የለመደ፣ ምጽዋ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ነው። ሚስት የለውም። ቀጭን ነው። ሲናገር ድምፁ ስለማይሰማ የጥገና ቤቱ አለቃችን ካቦ ሀሩን ሁልጊዜ ጆሮውን ወደ እሱ ያዘነብል ነበር። ለእኔ ያንን ጆሮ አዘንብሎልኝ አያውቅም፤ እኔ የምናገረው ጮክ ብዬ ነው።

ደግሞ ብረት ይቀምሳል። እውነቴን ነው። ቁራጭ ብረት ሲሰጡት መጀመሪያ ጫፉን በሞረድ ፈቅፈቅ አድርጎ ምላሱን ያስነካዋል፤ ቀጥሎ በኪሱ የሚይዛትን ትንሽ ማግኔት ያስጠጋዋል፤ ከዚያ መሳያው ድንጋይ ላይ አድርጎ ፍንጣሪውን ያያል። የብረቱን ዓይነት የሚነግርህ ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሳየው ሳቅሁበት። «ወጥ መሰለህ እንዴ? ጨው ከጎደለው ንገረን!» አልኩት። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ሰው ሲስቁበት አብሮ ከሳቀ ምን ታደርገዋለህ?

አንድ የወደቡ ጀልባ ነበረች። ውኃ የምትቀዝፍበት ኤሊካ ነሐስ ነው፤ ኤሊካውን የሚያዞረው ዘንግ ደግሞ ብረት ነው። ዘንጉ በየሦስት ወሩ እየተበላ ይሰበራል። ሦስቴ ሠርቼላታለሁ፤ እያንዳንዱ ካለፈው ይበልጥ ያምር ነበር። አራተኛውን ልጀምር ስል ወሰኔ የተሰበረውን አንስቶ ቀመሰው።

«ጥፋቱ የዘንጉ አይደለም፣ የጎረቤቱ ነው» አለ።

ነሐስና ብረት ጨው ውኃ ውስጥ ተነካክተው ሲቀመጡ አንዱ በሌላው እንደሚያልቅ የዚያን ዕለት አስረዳን። ዘንጉ ላይ አንድ ቁራጭ ዚንክ አሰረበት፤ ባሕሩ ዚንኩን እየበላ ዘንጉን ተወው። ያ ዘንግ ዓመት ከመንፈቅ ቆየ። የጀልባዋ ካፒቴን ለወሰኔ ሁለት ትልልቅ ዓሣ አመጣለት። ለእኔ ለሦስቱ ዘንግ አንድ ሰርዲን እንኳ አላመጣም። ወሰኔ ከሁለቱ ዓሣ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። ወሰድኩት። ሚስቴ ታደለች ጠብሳ አቀረበችው፤ እሷ እየደጋገመች በላች፣ እኔን ግን አልዋጥ አለኝ።

ታደለች የደሴ ልጅ ናት። አሰብን አትወድም ነበር፤ ውኃው በቦቴ የሚመጣ፣ ነፋሱ ፊት የሚልጥ አገር ነው ትላለች። የላምባ ምድጃዋ አፍንጫ ተደፍኖባት አንድ ወር ሙሉ «ነገ እሠራልሻለሁ» እያልኩ አቆየኋት። አንድ እሑድ ወሰኔ ሊጠይቀን መጣና ሻዩ ከሰል ላይ እስኪፈላ ድረስ ከኪሱ ቀጭን ሽቦ አውጥቶ አጸዳላት። ከሄደ በኋላ ሰማያዊውን እሳት እያየች፣

«እጁ የተባረከ ነው» አለች።

ስምንት ዓመት በትዳር ስንኖር ስለ እጄ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ወንድ የሚቀናው ሚስቱን ሲጠረጥር ነው ይላሉ። እኔ አልጠረጠርኳትም፤ ወሰኔ ሴት ፊት ቀና ብሎ እንኳ የማያይ ሰው ነው። የቀናሁት በእጁ ነው። በእጁ ቀናሁ ብሎ ከሰው ጋር መጣላት ደግሞ አይቻልም፤ ስለዚህ ዝም ብዬ እያረርኩ ከረምኩ።

በ1947 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ የውኃ ቦቴ በሚመጣበት ቀን፣ የሰፈራችን የካምፖ ሱዳን ሴቶች ተሰልፈው ሳለ አንድ ሙሉ የውኃ በርሜል ከሚጫንበት የእንጨት መወጣጫ ላይ አምልጦ ታደለች እግር ላይ ተንከባለለ። የግራ እግሯ ቅልጥም ከመሃል ተሰበረ። ስጠራ በሩጫ ደረስኩ። ጥርሷን ነክሳ «ውኃው ፈሰሰ አይደል?» አለችኝ። ለእግሯ ሳይሆን ለውኃው ነበር ያዘነችው።

ዕድሏ ሆኖ በወር አንዴ በአውሮፕላን ከአስመራ የሚመጣው ጣሊያናዊ ቀዶ ሐኪም፣ ሁላችንም «ዶቶሬ» የምንለው፣ ያን ሳምንት ከተማው ውስጥ ነበረ። እግሯን አየና በጀሶ ብቻ እንደማይያዝ ተናገረ። አጥንቱን ገልጦ፣ ስድስት ቀዳዳ ያለው ጣት የሚያህል ጠፍጣፋ ብረት አስተኝቶበት፣ በስድስት ትንንሽ ብሎን ሊያስረው ነው። ከዚያ ሥጋው ይሰፋል፤ ብረቱ እዚያው ውስጥ ይቀራል።

«ብረት ሰው ውስጥ እንዴት ይኖራል?» አልኩት።

ዶቶሬ አማርኛና ጣሊያንኛ እየቀላቀለ አስረዳኝ። ይህ ብረት ተራ ብረት አይደለም፤ ሲቀልጥ ክሮምና ኒኬል ተዋህዶታል፤ ላይ ላዩን የተቀባ ሳይሆን እስከ ውስጡ ድረስ አንድ ነው፤ አይዝግም። ሥጋ እንደ ጠላት አያየውም፣ ዝም ብሎ አብሮት ይኖራል። ድሮ ሐኪሞች ተራውን ብረትም፣ መዳቡንም፣ ብሩንም ሞክረው ሥጋ ጠቁሮ አጥንት ተበልቶ አይተዋል አለኝ።

ችግሩ በእጁ የነበረው ብሎን አምስት ብቻ መሆኑ ነው። ስድስተኛው የለም። ነገር ግን ከዚያው ብረት የተሠራ፣ ከእርሳስ ትንሽ ወፈር የሚል አንድ የአጥንት ሚስማር ነበረው። እሱንና አንድ ናሙና ብሎን ለነርሷ ለአሰጋሽ አስይዞ ወደ ጥገና ቤቱ ላከ። መልእክቱን አሰጋሽ ሁለቴ ደገመችልን፦ «ከዚህ ሚስማር ላይ ቀርጻችሁ ለነገ ጠዋት አንድ ብሎን አድርሱልኝ። ሌላ ብረት አይሆንም። ካልተቻለ አልተቻለም በሉኝ፤ አንዱን ቀዳዳ ባዶ እተወዋለሁ።»

ካቦ ሀሩን ሚስማሩን ተቀብሎ ቀጥ ብሎ ወደ ወሰኔ ሄደ። የተሰበረችው ሚስቴ ናት፤ እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፤ እሱ ግን ወደ ወሰኔ!

«ካቦ፣ የሚስቴን አጥንት የሌላ ሰው ብሎን አያስረውም!» አልኩ። ማሽኖቹ ሁሉ ቆመው ሰሙኝ።

ካቦ ሀሩን ወሰኔን አየው። ወሰኔ ሚስማሩን ምላሱ ላይ አስነካ፣ ማግኔቱን አስጠጋ። ማግኔቱ አልሳበውም። ከዚያ ለእኔ ዘረጋልኝ።

«እውነቱን ነው ካቦ፣ መብቱ ነው» አለ። «ግን ብዙነህ፣ ይሄ ብረት ኮርማ ነው። ቢላውን በደንብ ሳለው፤ ማሽኑን በጣም አዝግመው፤ አንዴ ከነካኸው ቁረጠው እንጂ አትሸው። ካሸኸው ይጠነክርብሃል። ከፈለግህ አጠገብህ ልቁም።»

«ባቡር የሠራሁ ሰው ነኝ» አልኩት።

«ባቡርማ ደረቅ መሬት ላይ ነው የሚሄደው» አለ በዚያ በማይሰማ ድምፁ። «ይሄ ደም ውስጥ ነው የሚገባው። ጣትህን ስትቆረጥ ደምህን መጠህ አታውቅም? ጨው ነው። ባሕር እንደሚገባ አድርገህ ሥራው።»

ምክር ነበር። እኔ ግን ስድብ አድርጌ ሰማሁት። ሠራተኛው ፊት እንደ አዲስ ገቢ መከረኝ ብዬ ደሜ ፈላ።

አሰብ ውስጥ በግንቦት ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ማንም አይሠራም፤ ብረቱ ራሱ አይጨበጥም። ሁሉም ሊጋደም ሲሄድ እኔ ቀረሁ። የቀረሁት ወሰኔ እንዳያየኝ ነው። ቢላውን ሳልኩ። ማሽኑን ግን እንደ ልማዴ አስሮጥኩት። ቢላው ሲነካው ብረቱ ጮኸ፤ የቢላው ጫፍ ወዲያው ዶለዶመ። ሌላ ቢላ አስገባሁ። ያሸሁት ቦታ እንደ መስታወት አብረቅርቆ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በጉልበት ገፋሁት። ሚስማሩ ተጣመመ፤ ትንሽ ቆይቶ ከመሃሉ ቀጭ አለ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚሉት እኔን ነው።

የወሰኔ ቤት ከጥገና ቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። የተረፈው ግማሽ ሚስማር አንድ ብሎን ይወጣው ነበር፤ እሱ ቢሠራው። ያኔም ይህን አውቅ ነበር። ሄጄ ብቀሰቅሰው ይነሳል፤ አንድ ቃል ሳይወቅሰኝ ይሠራዋል፤ ከዚያ ታደለች ዕድሜ ልኳን የወሰኔን እጅ ሥራ አጥንቷ ውስጥ ይዛ ትኖራለች። ወይም ደግሞ ለዶቶሬ አልተቻለም ማለት ነበረብኝ። ለእኔ አልተቻለም ማለት ግን ለወሰኔ ይቻል ነበር ማለት ነው። ሁለቱንም ልዋጠው አልቻልኩም።

ከሳጥኔ ጥሩ የጀርመን ብረት አወጣሁና በአንድ ሰዓት ውስጥ ልክ እንደ ናሙናው አድርጌ ቀረጽኩት። ጥርሱ ልቅም ያለ ነበር። የመርከብ ፋኖስ አንጸባራቂ የምለብጥባት አንዲት የኒኬል ገንዳ ነበረችኝ፤ ባትሪ አገናኝቼ ብሎኑን እዚያ ውስጥ ነከርኩት። ሲወጣ ከዶቶሬው ብሎን ይበልጥ ያበራ ነበር። ለራሴ ያልኩትን ልናገር፦ አሰብ ውስጥ ብረት የሚበላው ጨው ያዘለው ነፋስ ነው፤ ሥጋ ውስጥ ከገባ ግን ከነፋሱ አምልጦ ቤት ገባ ማለት ነው። ስንቴ ጀልባ ሥር ተኝቼ ጨው ውኃ በተለበጠ ብረት ላይ የሚሠራውን ያየሁ ሰው፣ ይህን አሰብኩ። ቅናት ሰውን ሙያውን ያስረሳዋል።

በማግስቱ ጠዋት ብሎኑን በመሐረብ ጠቅልዬ ራሴ ወሰድኩለት። ዶቶሬ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄዶ አገላበጠው።

«ከሚስማሩ ነው?»

«ከሚስማሩ ነው» አልኩ።

«ብራቮ!» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ታደለች ከመደንዘዣው ስትነቃ «ስድስተኛው የእኔ ነው» አልኳት። ዓይኗን ጨፍና «እጅህ ይባረክ» አለችኝ። ስምንት ዓመት የጠበቅኩትን ቃል በዚያች ብሎን አገኘሁት።

ወሰኔ ያን ሰሞን «እንዴት ነበር ኮርማው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ላም ነው» አልኩት። የተረፈውን ቁራጭ ለማየት ፈለገ፤ ጣልኩት አልኩ። አየት አደረገኝና ወደ ማሽኑ ተመለሰ።

ሦስት ወር ደህና ሆነች። በምርኩዝ፣ ቀጥሎም ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀመረች። መስከረም ሲጠባ ቅልጥሟ ያቃጥለኛል አለች። ቆዳው ጠቆረ፣ አበጠ፣ በመጨረሻ የተሰፋው ቦታ በአንድ ጫፍ ተከፍቶ ጠቆር ያለ ውኃ ያነባ ጀመር። በጥቅምት ዶቶሬ መጥቶ አየና ኢንፌክሽን ነው አለ፤ አሰጋሽ ፔኒሲሊን እንድትወጋት አዘዘ። ወደ ውጭ ወስዶኝ «በሚቀጥለው ወር ካልተሻላት፣ ሕይወቷን ለማትረፍ ከጉልበት በታች እንቆርጣለን» አለኝ።

እኔ ግን አወቅሁ። ካቻቪቴው የብሎኑን ራስ ሲያሽከረክር፣ አጥንቱም ጥርሱን ሲፈትገው፣ ልባጡ ተልጧል። በተላጠችው ቦታ ደም ገብቷል። አጠገቡ ደግሞ የማይበላው ጠፍጣፋ ብረትና አምስት የማይበሉ ብሎኖች አሉ። የጀልባዋ ዘንግና ኤሊካ ናቸው፤ ጨው ውኃውም አለ። ልዩነቱ የሚያልቀው ብረቴ የሚያልቀው ሚስቴ ውስጥ መሆኑ ነው።

አንዲት ቃል ብናገር ዶቶሬ ብሎኑን ነቅሎ ይጥለው ነበር። ያቺን ቃል ወር ሙሉ አልተናገርኩም። እታሰራለሁ ብዬ ፈርቻለሁ፤ ግን እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናገር ነበር። የፈራሁት ታደለች «ምነው ወሰኔ በሠራው ኖሮ» እንዳትል ነው። እግሯ ሊቆረጥ ሆኖ እኔ የምፈራው ይህን ነበር። ይህን ስጽፍ ፊቴ ያቃጥለኛል።

ኅዳር ሲገባ ወሰኔ ሊጠይቃት መጣ። ከቁስሉ የተፈታው ፋሻ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፏል፤ ውኃው ቡናማ ሆኗል። ሳፋውን አየ። መቅመስ አላስፈለገውም።

«እትዬ ታደለች፣ ይፈቅዱልኛል?» አለና ማግኔቱን በክር አንጠልጥሎ ቁስሉን ሳይነካ ከቅልጥሟ በላይ ቀስ እያለ አሳለፋት። ቅልጥም ላይ ሥጋ የለም፤ ብረቱ ከቆዳው ሥር ነው። ማግኔቷ ዝም ብላ ተንጠልጥላ ሄደች፣ ሄደች፤ መጨረሻው ብሎን ዘንድ ስትደርስ ዘመም አለች።

«ምን እያየህ ነው?» አለችው ታደለች።

«ብረቶቹ እንዴት እንደተኙ ነው፣ እትዬ። እግዜር ይማርዎት።»

ደጅ ድረስ ሸኘሁት። ዞር ብሎ «ከሚስማሩ አይደለም አይደል?» አለኝ።

«ከሚስማሩ ነው!»

«ብዙነህ፣ እግሯ እኮ ነው።»

«ከሚስማሩ ነው አልኩህ! ማግኔትህን ባሕር ጣላት!»

ማግኔቱን ኪሱ ከትቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ዶቶሬ ከአስመራ መጣ። የመጣው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳል። ታደለችን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ አሰጋሽን የመቁረጫ ዕቃዎቹን እንድታፈላ አዘዛት። እኔ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ታደለች «ብዙነህ፣ እጄን ያዘኝ» እያለች ትጠራኛለች፤ አልገባሁም። ያኔ ወሰኔ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ቅባቱን እንኳ ከእጁ ሳይጠርግ ገባና ዶቶሬ ፊት ቆመ።

«ከብሎኖቹ አንዱ የእርስዎ ብረት አይደለም» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰማ። «እኔ ነኝ የሠራሁት። ብዙነህ አልሆንልህ ቢለው ለእኔ ሰጠኝ። ሚስማሩን ሰበርኩትና ለእሱ ሳልነግረው ሌላ ብረት ኒኬል ለብጬ ሰጠሁት። ብሎኑን ያውጡት። እግሩን አይቁረጡ።»

ዶቶሬ በጣሊያንኛ ያወረደበትን ስድብ መድገም አልችልም። ከዚያ እጁን ሊታጠብ እየሮጠ ገባ። እኔ ወሰኔን በክንዱ ያዝኩት።

«ለምን?» አልኩት።

«አንተ ነህ ብል ትክዳለህ» አለ። ምንም ቁጣ የለበትም፤ ሥራ የሚያስረዳ ይመስላል። «ክርክር ይነሳል፣ ካቦ ይጠራል፣ ምስክር ይፈለጋል። አውሮፕላኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄዳል። እኔ ነኝ ካልኩ ግን ማን ይከራከረኛል?» ክንዱን ከእጄ አላቀቀና «አንተ ካልተከራከርከኝ» አለ።

አልተከራከርኩትም።

አሰጋሽ ብሎኑን በትሪ ይዛ ወጣች። ጥቁር ነው፤ ግማሹ ተበልቷል፤ ጥርሱ የለም። አምስቱ የዶቶሬ ብሎኖች ከጎኑ ተቀምጠው እንደገቡ ያበራሉ። አጥንቱ በአብዛኛው ገጥሞ ስለነበር ዶቶሬ ጠፍጣፋውንም ብረት አወጣው፣ የተበላውን ቦታ ጠራርጎ በጀሶ አሰረው። ታደለች እግሯን አልተቆረጠችም። ታነክሳለች፤ ብዙ ስትቆም ያብጣል፤ ግን እግር አላት።

ወሰኔ ከሥራ ተባረረ። ካቦ ሀሩን «ወላሂ፣ ከአንተ አልጠበቅኩም» ብሎ ሲናገረው እኔ ማሽኔ ላይ አጎንብሼ ነበር። ከተማው «ሰው አጥንት ውስጥ ዝገት የከተተ» እያለ ስሙን በክፉ አነሳ፤ ባለሱቋ ዘሀራ ላምባ አልሸጥልህም አለችው። አንድ ጥቅል ልብስና ሞረዱን ይዞ በይሉል ወረደ። እዚያ የአፋሮቹን ጀልባ ሲጠግን ወር ሳይሞላው የሚመጣ የሚሄደው ሁሉ ወሰኔ እንዲህ አደረገ፣ ወሰኔ እንዲያ አደረገ ይል ጀመር። እኔ ዘንድ በግመል ይመጣ የነበረው ብረት ሁሉ እዚያው ቀረ።

እሱንስ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ታደለችን ነው። ይቅር አለችው! ጎረቤቶቿ ወሰኔን ሲረግሙ እሷ ትቆጣለች። «ሰው ነው፤ ተሳሳተ። መሳሳቱንም መጥቶ በራሱ አፍ ተናገረ። ስንቱ ይናገራል?» ትላቸዋለች። «እግሬን ያበላሸውም እሱ ነው፣ ያተረፈውም እሱ ነው።» ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በስሙ ጠርታ ትጸልይለታለች። ከበይሉል ዓሣ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ወሰኔ ደህና ነው?» ትላለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ምስጋናዬን ወረሰ፣ ደንበኞቼን ወረሰ፤ በመጨረሻ ጥፋቴን ሳይቀር ወሰደብኝና ይቅርታዬን ተቀበለበት። ያ ይቅርታ የእኔ ነበር! በሚስቴ እግር ውስጥ፣ በክፉውም በደጉም፣ ምንም ድርሻ ሳይኖረኝ ቀረሁ።

በጥር አንድ ጠዋት ታደለች በሶ ፈጭታ፣ በርበሬ ደልዛ፣ ሁለቱንም በጨርቅ ቋጥራ አቀበለችኝ።

«የካቦ ሀሩን ካሚዮን ነገ በይሉል ይሄዳል አሉ። ለወሰኔ ስጡልኝ በልልኝ፤ ብቻውን ነው፣ ማን ያበስልለታል?»

ቋጠሮውን ይዤ ቆምኩ። ከራሷ ዱቄት ላይ ቀንሳ ነው። ለእኔ በሶ ከፈጨችልኝ ዓመት አልፏል።

«ብሎኑን የሠራሁት እኔ ነኝ!» አልኩ። ንስሐ አልነበረም፤ ልንገራችሁ። ቅናት ነው ከአፌ ያወጣው። «እሱ አልሠራውም! ሚስማሩንም የሰበርኩ፣ ኒኬሉንም የለበጥኩ እኔ ነኝ! እሱ እጁን አላስነካበትም!»

ታደለች ቀስ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ጠየቀችኝ።

«መቼ ነው ያወቅኸው፣ እግሬን የሚበላው ብሎኑ እንደሆነ?»

ይህን ጥያቄ አልጠበቅኩም ነበር።

«ዶቶሬ... በጥቅምት ሲመጣ» አልኩ።

«‹እግሯ ይቆረጣል› ያለህ ቀን?»

ቋጠሮውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ከዚያ ወር ሙሉ ቁስሌን ስታጥብልኝ?»

«ይቅር በይኝ፣ ታዱ። ለእሱ እንኳ ይቅር ብለሽ...»

«ለእሱ ይቅር ያልኩት ስህተትን ነው» አለች። «አንተ ያደረግከው ስህተት አይደለም። ለእሱ የሰጠሁትን አዙሬ ለአንተ አልሰጥህም፤ እሱ ስሙን ከፍሎበታል።»

ተነሳች። ነጠላዋን ጣል አደረገች፤ ከበሩ ኋላ ምርኩዟን አነሳች።

«ወዴት ነው?»

«ዘሀራ ሱቅ። ከዚያ አሰጋሽ ቤት። ከዚያ ካቦ ሀሩን ዘንድ። የወሰኔን ስም በክፉ ያነሳ ሰው ቤት ሁሉ እንሄዳለን። እኔ አንኳኳለሁ፣ አንተ ትናገራለህ።»

ፀሐዩ ገና ማለዳው ላይ ጠንክሯል። ዘሀራ ሱቅ ሦስት ሴቶች ዘይት ሊገዙ ቆመዋል። ታደለች ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ወደ እኔ ዞረችና «ንገራቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው። ድምፄ እንደ ወሰኔ አልሰማ አለ፤ ዘሀራ ጆሮዋን አዘንብላ «ምን አልክ?» ስትለኝ ደግሜ ነገርኳቸው። አሰጋሽ ቤት ነገርኳት። ካቦ ሀሩን ከወንበሩ ተነስቶ ለታደለች ወንበሩን አቀረበላት። አልቀመጥም አለችው። በአራተኛው ቤት እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ አብጦ ነበር።

«ይበቃል፤ እንመለስ፣ ያምሻል» አልኳት።

«ገና አምስት ቤት አለ» አለችና እያነከሰች ቀድማኝ ወጣች። ከኋላዋ ተከተልኩ። ለእኔ ብላ በዚያ እግሯ ያን ያህል መንገድ ሄዳ አታውቅም።